ዱባይ ኦፍ ፕላን (ገና ሳይሠራ በፕላን የሚሸጥ) ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ

ትናንት ማታ ነው ከዱባይ የተመለስኩት። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ጽሑፉ ቢዘበራረቅባችሁ ይቅርታ።

ደላላውን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት መሰሉን ታውቃላችሁ፦ ራሱን «ኮንሰልታንት» የሚል፣ ቡርጅ ኸሊፋን ከኋላው አድርጎ በሙሉ ልብስ ፎቶ የተነሳ፣ ገና ሰላም ሳይላችሁ «ጋሼ» የሚላችሁ የሀገር ልጅ። «ጋሼ አይቸኩሉ፣ መጀመሪያ ይከታተሉት» ነው ያለኝ። የሸወደኝም በዚችው ቃል ነው። ግዛ ግዛ እያለ የሚጎተጉት ደላላ ስንቱን አባርሬያለሁ፤ ተከታተል የሚል ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ተከታተልኩ እንግዲህ፣ አምስት ወር ሙሉ። ጁሜይራ ቪሌጅ ሰርክል፣ ባለ አንድ መኝታ፣ 900,000 ድርሃም። በየወሩ መጀመሪያ በዋትሳፕ ፎቶ ይመጣል፦ ክሬን፣ አረንጓዴ መረብ የለበሰ ሕንጻ። ከሥሩ «ጋሼ፣ ሥራው እየተፋጠነ ነው»። እኔ ደግሞ ደብተር ገዝቼ ፎቅ እቆጥራለሁ! ጥቅምት 4ኛ፣ ኅዳር 6ኛ፣ ታኅሣሥ 7ኛ። ለባለቤቴ እያሳየሁ «እንደኔ ተጠንቅቆ የገዛ የለም» እላለሁ። ደብተሩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ልቅደደው ብዬ አቃተኝ። 11ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ልቤ ሞላና 20 በመቶውን ከፈልኩ፣ 180,000 ድርሃም። ለመሬት መምሪያው ምዝገባ ደግሞ 4 በመቶ፣ ሌላ 36,000።

የመሬት መምሪያው «ዱባይ ሬስት» የሚባል መተግበሪያ እንዳለው፣ አንድ ፕሮጀክት ስንት በመቶ እንደደረሰ እንደሚያሳይ ከመክፈሌ በፊት ሰምቼ ነበር። እዚያ ላይ ልየው ወይ ስለው፣ «እሱ ለነዋሪ ብቻ ነው የሚከፈተው ጋሼ፤ እኔ እያየሁልዎት አይደል እንዴ?» አለኝ። አመስግኜው ስልኩን ዘጋሁ። አመስግኜው!

ባለፈው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ ዱባይ ሄድኩና ሳልነግረው በታክሲ ወደ ቦታው ብቅ አልኩ። ሕንጻው አለ። መረቡም ክሬኑም አሉ። ደስ ብሎኝ ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት። ከዚያ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ሳነብ የፕሮጀክቱ ስም ሌላ ነው። የቦታ ቁጥሩም ውሌ ላይ ካለው አይገጥምም። ውሉን አውጥቼ ለጥበቃው አሳየሁት። ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበና ምንም ሳይናገር ክንዱን ወደ ግራ ዘረጋ። ሌላ አጥር። ውስጡ አሸዋ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሞተሩ የጠፋ ኤክስካቫተር። ሰው የሚባል የለም። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ መተግበሪያውን አወረድኩት። ተከፈተ፤ ነዋሪ ነህ ወይ ያለኝ የለም። የፕሮጀክቱን ስም ጻፍኩ። 3 በመቶ ይላል። ውሉ ላይ ያለው ርክክብ እኮ በሚቀጥለው ዓመት ነው!

በቀጥታ ወደ ደላላው ቢሮ። ቡና ቀረበልኝ፤ መቼም ቡናቸው አይጓደልም። ፎቶዎቹን ፊቱ ዘረገፍኳቸው። አልደነገጠም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ሕንጻ ነው ብዬ ጽፌያለሁ? የአካባቢውን እንቅስቃሴ ነው ያሳየሁዎት።» መልእክቶቹን እስከ መጀመሪያው ድረስ ወደ ኋላ አየኋቸው። እውነቱን ነው። «የእርስዎ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። «ሥራው እየተፋጠነ ነው» ብቻ። የማን ሥራ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሱም ያልተጠየቀውን አልመለሰም። አጠገቡ ያለችው አለቃው ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል በእንግሊዝኛ «ቀጣዩ ክፍያቸው በ15 መሆኑን አስታውሳቸው» አለችው። ለእሱ ነው የነገረችው፤ እኔ እዚያ ያለሁም አልመሰላት።

ልተወው ብል? ሆቴል ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ ሕጉን ሳነብ አደርኩ። ገዢው ክፍያ ካቋረጠና የተጀመረው ግንባታ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ፣ በመሬት መምሪያው በኩል 30 ቀን ተሰጥቶት ካልከፈለ አልሚው ውሉን አፍርሶ ከቤቱ ዋጋ እስከ 25 በመቶ ማስቀረት ይችላል። እኔ የከፈልኩት 20 ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። አሁን ገባኝ ያ ጉድጓድ ለምን እንደተቆፈረ፤ «ተጀምሯል» ለማለት ነዋ።

እርግጥ ገንዘቡ ኤስክሮው ሂሳብ (አልሚው እንደፈለገ የማያወጣው፣ ለዚያው ፕሮጀክት ብቻ የተከፈተ የባንክ ሂሳብ) ውስጥ ነው፤ ሕጉ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስገድዳል። ቤቱ አንድ ቀን ይቆም ይሆናል። በሚመጣው ዓመት አከራየዋለሁ ብዬ ያሰብኩት ግን ተረት ሆኖ ቀርቷል።

ለማንኛውም፦ በመቶኛውን ራሳችሁ ዱባይ ሬስት ላይ እዩ፣ ከፎቶ ይልቅ የቦታ ቁጥሩን ይዛችሁ ተከታተሉ፣ እዚያ ዘመድ ካላችሁ ሰሌዳውን ሄዶ ያንብብላችሁ።

እኔ በ15 እከፍላለሁ። ምን አማራጭ አለኝ?