ለሴሊካ ሰፊ ጎማ፦ ያገለገለ ባለ 16 ወይስ አዲስ ኮፒ ባለ 18?

ሴሊካ የተባለችው የቶዮታ መኪና ያላቸው ወዳጆቼ በየተራ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጎማዋን ሰፋ ላድርግላት፤ የቱ ይሻላል?» መልሴ ከቶዮታ ላይ የወረደ ባለ 16 ኢንች አልሙኒየም ቸርኬ ከ205/50 ጎማ (ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 50 በመቶ) ጋር ነው። የሚያብረቀርቀውን ባለ 18 ኮፒ (ኦሪጅናሉን አስመስሎ የተሠራ ቸርኬ) በነጻ ቢሰጡኝ እንኳ እሸጠዋለሁ እንጂ አልገጥመውም።

መጀመሪያ ሒሳቡ። በቅርቡ ስጠይቅ ለአራቱ አዲስ ኮፒ 80,000 ብር፣ ላገለገሉት ኦሪጅናሎች 70,000 ተጠራልኝ። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ «ለ10,000 ብር ብዬ አሮጌ ልግዛ?» ይላል። ጎማውንም ጠይቁ እንጂ! 225/40 ባለ 18 አንዱ 19,000፣ 205/50 ባለ 16 አንዱ 12,000 ነው። ድምሩ 156,000 እና 118,000 ይመጣል። በልዩነቱ ሦስት ባለ 16 ጎማ ተገዝቶ ለነዳጅ ይተርፋል። ዕቃው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚመጣ ከሆነ የጭነቱን ደምሩበት።

ኮፒው ለማንኛውም መኪና እንዲሸጥ የመሃል ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 73.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሴሊካ ሞዞ (ቸርኬው የሚቀመጥበት የመሃል ብረት) ግን 54.1 ነው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ በ80 ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታው ደጋግሞ ባላንስ ያስከፍላችኋል፤ ጥፋቱ ግን ባላንሱ ላይ አይደለም። ሻጩ ቸርኬው የጥንካሬ ፈተና ማለፉን የሚገልጸውን የጃፓኑን የጄደብሊውኤል ምልክት እያሳየ «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» ይላል። ምልክት መቅረጽ ፈተና ከማለፍ ይረክሳል።

የአንድ ጓደኛዬ ኮፒ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ፣ ኮብልስቶኑ አልቆ አስፋልቱ የሚጀምርበት ጠርዝ መታውና ጠመመ። በእሳት አሙቀው በመዶሻ አቀኑት። ከቀለሙ ሥር ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ብቅ አለች። በአርጎን ተበየደች፤ ከብየዳው ጎን ደግሞ ሌላ ተሰነጠቀ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጎማው ተንፍሶ ይገኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፋብሪካው 195/60 ባለ 15 ጎማ የጎኑ ቁመት 117 ሚሊ ሜትር ነው፤ በባለ 16ቱ 102.5፣ በባለ 18ቱ 90 ይሆናል። ጎማው ያልዋጠውን ምት ቸርኬው ይቀበለዋል። የጎማው ሙሉ ቁመትም በባለ 18ቱ ከ615 ወደ 637 ስለሚያድግ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ባለ 16ቱ 611 ነው።

ለባለ 18ቱ የሚገባውን ልስጥ፦ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይ ላይ ያምራል። ድልድዩ ግን 380 ሜትር ብቻ ነው።

ያገለገለውን ስትገዙ ጎማ ሳይገጠምበት ባላንስ ማሽን ላይ አስዙሩት፤ ጠርዙ ከዋለለ ተዉት። ጀርባውን አጥባችሁ የብየዳ ጠባሳ ፈልጉ፤ አዲስ ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ። የቡሎኖቹ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር መሆኑንም ለኩ፤ ባለ 114.3ቱ ለዓይን አንድ ይመስላል። ከድሮዎቹ ባለ 15 አንዱን ከነጎማው ለትርፍ ጎማነት አስቀሩ። ቁመቱ ከባለ 16ቱ የሚለየው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ መንገድ ላይ ቢተነፍስባችሁ እሱን ገጥማችሁ ጎሚስታ ድረስ ትደርሳላችሁ።