የጅማ ባለመኪናዎች፣ ሚኒሞ ሲያስቸግራችሁ ዕቃ ከማስቀየራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

27,800 ብር ከፍያለሁ። መኪናዬ የፈለገችው ግን ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ ነበር። ጅማ ውስጥ ቆየት ያለ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የምትነዱ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የኔ ብር ሄዷል፣ የእናንተ ግን ገና ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። 2004 ሞዴል ኮሮላ ነው የምነዳው። ፈረንጅ አራዳ ላይ ሰው ለማሳለፍ ቆም ስል መንቀጥቀጥ ጀመረች። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። አንዳንዴም ጭራሽ ትጠፋለች። የአጋሮን መንገድ ይዤ ስነዳት ግን ምንም የላትም፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ ጋራዥ ወሰድኳት። የጋራዡን ስም አልጠራም። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አዳመጠና "እህቴ፣ የነዳጅ ፓምፕ ደክሟል" አለኝ። ኮምፒውተር አልሰካም፣ የነዳጁን ግፊትም አልለካም። አመንኩት። ፓምፑ ከነእጅ ዋጋው 11,500 ብር። ባትሪውን ነቅሎ መልሶ ሲያስር መብራቱ ጠፋ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በራ።

ስመለስ "እንግዲያው ትሮትል ቦዲው ነው" ተባልኩ፣ የሞተሩ የአየር መግቢያ በር ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ፣ 14,500 ብር። ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ማጠቢያ ደግሞ 1,800 ብር። መንቀጥቀጡ እንዳለ ነው። በሦስተኛው ጉዞ የቫኪዩም መለኪያ፣ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በኢንች የሚያሳየውን፣ አምጥቶ ሰካና መርፌውን አሳየኝ። "ተመልከች፣ ከ17 በላይ መሆን ነበረበት፣ ያንቺ 10 ነው። ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ።" ሞተር ይውረድ ማለት ተነቅሎ ይፈታ ማለት ነው፣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ባለመኪና ያውቀዋል። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያለቀስኩ ነው።

ጎረቤታችን ዕድሜ ልካቸውን ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የጫኑ ሹፌር ናቸው። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን አስነስቼ ሳሰማቸው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ አየር እየሳበ ነው። አየር የሚገባበትን ሳይፈልጉ ዕቃ መቀየር ምን ይሉታል?" አሉኝ።

እሳቸው ያስረዱኝን፣ ኋላም እኔ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ላካፍላችሁ። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በማጣሪያው አልፎ በአየር መለኪያው ሴንሰር በኩል ይገባል። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን አይቶ ለዚያ የሚበቃ ቤንዚን ያዛል። ከሴንሰሩ በኋላ ያለ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ከላላ፣ ያልተቆጠረ አየር ሾልኮ ይገባል። አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይንገዳገዳል። በሚኒሞ ጊዜ የአየር መግቢያው ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ሞተሩም የሚስበው አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ በስንጥቁ የሚገባው ትንሽ አየር ሚዛኑን ያዛባል። ነዳጅ ስትሰጡ ግን ብዙ አየር ስለሚገባ ያ ትንሹ ከቁጥር አይገባም። የኔ መኪና ስቆም እየተንቀጠቀጠች አጋሮ ድረስ ደህና የምትሄደው ለዚህ ነበር። ፓምፕ ደክሞ ቢሆን ኖሮ የምትቸገረው ዳገት ላይ፣ ጅሬንን ስወጣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ራሳችን ፈለግነው። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆምናት፣ የተዘጋ ቤት ውስጥ ጭሱ ይገድላል። የእጅ ፍሬን ተሳበ። ነጠላዬን አውልቄ ፀጉሬን አሰርኩ፣ ቺንጊያውና ማራገቢያው ቀልድ አያውቁም። አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ጎማ ቆርጠን አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሌላውን ጫፍ በየቱቦው አጠገብ ቀስ እያልኩ አንቀሳቀስኩት። ከሞተሩ ክዳን ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ቱቦ ጋ ስደርስ "ስስስስ" የሚል ድምፅ ጆሮዬን ሞላው። እሳቸው ቱቦውን በፒንሳ ቀስ ብለው ጨመቁት። ሞተሩ ወዲያው ረጋ። ሲለቁት ተመልሶ ተንቀጠቀጠ። ቱቦውን አውጥተን ስናጥፈው መታጠፊያው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ከላይ ሲያዩት ደህና ነው የሚመስለው። አዲሱ ቱቦ ከነፋሸታው 350 ብር ፈጀ።

ጆሮ ካልያዘው ውሃ አለ። የልብስ መተኮሻ ውሃ መርጫ ያዙና በየመገጣጠሚያው ጥቂት ጥቂት ርጩ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይቀየራል። ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ኮይልና በኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ እንዳትረጩ። ቤንዚን ረጭተው የሚፈትሹ ሰዎችም አሉ። አደራ፣ እንዳትፈቅዱላቸው። የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እሳት ነው።

ቱቦው ከመቀየሩ በፊት፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነበውን ባለ ብሉቱዝ ትንሿን ስካነር ከዘመድ ተውሼ ስልኬ ላይ አየሁት። ኮዱ ፒ0171 ነበር፣ ድብልቁ ቤንዚን አነሰው ማለት ነው። ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለው ቁጥር፣ ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል የሚጨምረው ቤንዚን፣ በሚኒሞ 22 በመቶ ነበር። ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 6 ወረደ። ቁጥሩ በሚኒሞ ከፍ ብሎ በዙር የሚወርድ ከሆነ አየር እየገባ ነው። በዙር የሚብስ ከሆነ ያኔ ስለ ነዳጅ መስመር ወይም ስለ አየር ሴንሰሩ ማውራት ይቻላል። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ የኔው በሚኒሞ 3 ላይ ረጋ። ጋራዡ ይህን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

አሁን ወደዚያ መለኪያ ልመለስ፣ በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። 17 የሚለው ቁጥር ለባህር ጠረፍ የተጻፈ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ በየ300 ሜትሩም ንባቡ አንድ ኢንች ያህል ይወርዳል። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ጤነኛ ሞተር ከ12 እስከ 15 ቢያነብ ያለ ነገር ነው። ቱቦው ከተቀየረ በኋላ የኔው 14 ላይ መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ቆመ። በሌላ አገር ቁጥር ጤነኛ ሞተሬን ሊያወርዱት ነበር። እናንተንም "17 አልሞላም" ካሏችሁ ጅማ ስንት ሜትር ላይ እንዳለች ጠይቋቸው።

መንቀጥቀጥ ሁሉ አየር ነው እያልኩ አይደለም። ካንዴላ ወይም ኮይል ሲደክምም ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ግን ኮዱ ብዙውን ጊዜ ከፒ0300 እስከ ፒ0304 ነው። ዙር ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ወንበሩ ብቻ ከተንቀጠቀጠ የሞተር መያዣ ጎማዎቹን አስፈትሹ። ፍሬን ስትረግጡ ፔዳሉ ደርቆ "ስስስ" ካለ ደግሞ ፍሬኑን ወደሚያግዘው ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ ሊሆን ይችላል። እሱ ከብር ጥያቄ ያለፈ ነው። በዚያ ሁኔታ የግቤን ቁልቁለት እንዳትሞክሩት።

ብሩን ለማስመለስ ሄጄ ነበር። "የተገጠመ ዕቃ አይመለስም" አሉኝ። ያወለቁትን የራሴን ፓምፕ ስጠይቅ "ተጥሏል" አሉኝ። ደህና እንደነበር አሁን ስለማውቅ ያ ከሁሉ በላይ ያቃጥለኛል። ደረሰኝም አልያዝኩም፣ ስለዚህ የምከስበት ወረቀት የለኝም።

ዛሬ መኪናችሁ በዚህ ምክንያት ጋራዥ ያለች ካላችሁ አሁኑኑ ደውሉ። ኮዱን በፎቶ እንዲልኩላችሁ፣ በሚኒሞና በ2,500 ዙር ያለውን የፊውል ትሪም ቁጥር እንዲያሳዩዋችሁ፣ ያወለቁትንም ዕቃ እንዳይጥሉ ንገሯቸው።