የአባቴን ጉልበት ላፍታታችልን ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና

አባቴ ከጉልበት ቀዶ ጥገና በኋላ እግራቸው እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ዛሬ ሰው ሳይደግፋቸው ደረጃ ይወጣሉ። ለዚህ ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግናት አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ አለች።

ብዙ ሰው ፊዚዮቴራፒ ሲባል እግር ይዞ በኃይል ማጠፍ ይመስለዋል። እሷ ግን እግራቸውን ከመንካቷ በፊት የሐኪማቸውን ወረቀት አነበበች። የተሰፋው ቦታ ምን ያህል መወጠር እንደሚችል ማወቅ ነበረባት። ከዚያ ጎኒዮሜትር የሚባለውን ማዕዘን መለኪያ ጉልበታቸው ጎን አድርጋ ለካች። ሜዳ ላይ ለመራመድ ጉልበት ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ቢታጠፍ ይበቃል። ለደረጃና ከወንበር ለመነሳት ግን 90 አካባቢ፣ አንዳንዴም ትንሽ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ይህን ስትነግረን የት ለመድረስ እንደምንለፋ ገባን።

አንድ ቀን አባዬ ጥርሳቸውን ነክሰው ሲታገሉ አየቻቸው። እጇን ጭናቸው ላይ አሳረፈችና «አባባ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ። ወጠር ይበልዎት፣ ህመም ከሆነ ግን አልፈነዋል ማለት ነው» አለቻቸው። እግራቸውን ትንሽ መለስ አደረገችው። ተገትሮ የነበረው ጭናቸው ሲላላ በዓይኔ አየሁ። እዚያው 30 ሰከንድ ያህል ያዙ፣ ለቀቁ፣ ደገሙ።

ምክንያቱንም አስረዳችን። ጡንቻ በድንገት ሲጎተት ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል። ስለዚህ እየነጠሩ መሳሳብ ትርፉ ጉዳት ነው። አስቀድሞ 5 ወይም 10 ደቂቃ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ አድርጎ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መወጠር ይሻላል።

እኔን በጣም ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው ጡንቻው ስለረዘመ አይደለም፤ የነርቭ ሥርዓታችን ውጥረቱን መቻል ስለለመደ ነው። ለዚህም ነው እግራቸው ትንሽ በታጠፈ ቁጥር ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የምትጨምርላቸው። የታጠፈውን እግር የሚሸከም ጡንቻ ከሌለ ደረጃው ላይ ያንገዳግዳል።

ቤት ውስጥ ሲሠሩም የሚያቆሙበትን ምልክት ነግራናለች፦ የሚወጋ ህመም፣ መደንዘዝ፣ የሚነዝር ስሜት፣ የጉልበት እብጠት መጨመር። ባት አብጦ፣ ሞቆ ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሆስፒታል መሄድ እንጂ ማሸት የለም።

ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለገችም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እሷን ባታገኙም ሳይለካ፣ ወረቀት ሳያይ እግር ለመጫን የሚጣደፍ ካጋጠማችሁ «ቆይ እስኪ» በሉት፤ መብታችሁ ነው።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። አባዬም በጣም ያመሰግኑሻል።