«የቀበቶ ማስተካከያ» የሚሏትን ጨርቅ ለልጃችሁ እንዳትገዙ

ወገን ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ቢዛነፍ ይቅርታ። የሕፃን ወንበሩ የጠበበው፣ ለትልቅ ሰው ቀበቶ ደግሞ ገና ያልደረሰ ልጅ ያላችሁ በተለይ እናንተ አንብቡልኝ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። የመኪና ዕቃ የሚሸጡት፣ ሁሉ ነገር «ኦርጅናል» ሁሉ ነገር «የአውሮፓ ስታንዳርድ» የሆነባቸው፣ ዋጋ ስትጠይቋቸው «ኢንቦክስ» የሚሉት። እኔ የሄድኩት ቡስተር ልገዛ ነው፣ ልጁን ከፍ አድርጎ የመኪናው ቀበቶ በትክክል እንዲያርፍበት የሚያደርገውን የልጅ መቀመጫ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ የመኪናው ቀበቶ አንገቱን እየከረከረው ዞር ባልኩ ቁጥር ከጀርባው ያሳልፈዋል፣ ከጀርባ ያለፈ ቀበቶ ደግሞ ከወገብ በላይ እንዳልታሰረ ነው። መደገፊያ ያለው፣ ቀበቶው የሚያልፍበት ቦታ በቀይ የተሠራለት ቡስተር ብዬ ለይቼ ነበር የጠየቅኩት። ሰውየው ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «ቡስተር አልቋል፣ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል ቦታ ነው የሚይዝብዎት፣ አሁን ሁሉም ሰው ይቺን ነው የሚወስደው» አለና አንዲት ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ከነካርቶኗ አወጣልኝ። የላይኛውንና የታችኛውን ቀበቶ አንድ ላይ አቅፋ ጠቅ በሚል ቁልፍ የምትዘጋ ነገር ናት፣ ውስጧ ስስ ስፖንጅ፣ ላይዋ የድብ ሥዕል፣ በቃ ይኸው ነው። ካርቶኑ ላይ ግን ያቺ የምታውቋት ብርቱካናማ ምልክት አለች፣ የላቲኗ ኢ ክብ ውስጥ ያለችበት፣ የልጅ ወንበር ፈተና አልፏል የምትለዋ። እሷን አይቼ ነው የከፈልኩት።

ከከፈልኩ በኋላ «እኔ ልግጠምልዎት» ብሎ መኪናው ድረስ መጣ። ልጄን ኋላ አስቀምጦ አሰረው፣ ጨርቋን ጠቅ አደረጋት፣ እውነትም የላይኛው ቀበቶ ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ተኛ። «ይኸው!» አለ እጁን እያራገፈ። ልጄ ግን «ማሚ ሆዴን ያዘኝ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ጃኬቱን ገለጥ ባደርግ የታችኛው ቀበቶ እምብርቱ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል። ጭኑ መነሻ ላይ፣ ዳሌው ላይ መተኛት የነበረበት ቀበቶ እኮ ነው! ጨርቋ ለካ የላይኛውን ወደ ታች የምትጎትተው የታችኛውን ወደ ላይ እየሳበች ነው፣ ሌላ የምትይዘው ነገር የላትማ፣ ከወንበሩ ጋር የሚያገናኛት ምንም የለም። ደረቱ ላይም ቀበቶው ላልቶ መዳፌ ሙሉ በሙሉ ገባ።

ሆድ ላይ ወጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁ፣ ቀበቶ የሚያድነው አጥንት ሲይዝ ነው፣ ከታች ዳሌን ከላይ ትከሻና ደረትን። የትንሽ ልጅ ዳሌ አጥንት ደግሞ ገና ጎልቶ አልወጣም፣ ቀበቶው በቀላሉ ተንሸራቶ ያልፈዋል። መኪናው ሲጋጭ ልጁ በቀበቶው ሥር ሾልኮ ወደፊት ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ኃይል አንጀቱ ላይ፣ ጉበቱና ጣፊያው ላይ ያርፋል፣ ወገብ አከርካሪ ድረስ የሚጎዳ ነገር ነው። ቡስተር ልጁን ወደ ቀበቶው ከፍ ያደርገዋል እንጂ ቀበቶውን ወደ ልጁ አይጎትትም፣ ከጎንና ከጎን ያሉት መያዣዎችም የታችኛውን ቀበቶ ጭን ላይ አስረው የሚያስቀሩት ለዚሁ ነው። ይሄን ዕቃውን የሚሸጥ ሰው አያውቅም? ያውቃል! እንደሚያውቅ አሁን እነግራችኋለሁ።

«ሆዱ ላይ ነው እኮ» አልኩት። «ይለምደዋል፣ አሞላቀቅሽው» አለኝ። ልብ በሉ፣ ከመክፈሌ በፊት እርስዎ ነበርኩ።

ካርቶኑን አንስቼ አገላበጥኩት። የብርቱካናማዋ ምልክት ጠርዝ ትንሽ ተነስቷል። በጥፍሬ ሳብ ሳደርጋት ተላጠች። ለካ ራሳቸው የለጠፏት ስቲከር ናት! ከሥሯ ፋብሪካው በደቃቁ የጻፈው አለ፣ ይህ ዕቃ ለምቾት ብቻ ነው፣ የደህንነት ዕቃ አይደለም፣ በልጅ ወንበር ወይም በቡስተር ምትክ አይጠቀሙበት ይላል። ስቲከሯ ደግሞ ዝም ብላ እዛ አልወደቀችም፣ ልክ ያንን ጽሑፍ እንድትሸፍን ተለክታ ነው የተቆረጠችው፣ አንድ ፊደል ሳታስተርፍ። እንግዲህ አንብቦት ነው የሸፈነው ማለት ነው። ዓይን ያወጣ ነገር!

ልጄን ይዤ ተመልሼ ገባሁና ስቲከሯን ባንኮኒው ላይ ፊቱ ለጠፍኩለት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ስልኩን እየነካካ ቀና እንኳ ሳይል «እህቴ ካርቶን የሚያነብ ደንበኛ ገና ዛሬ አየን» አለ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች። ገንዘቤን መልሱ ስል የተከፈተ ዕቃ አንመልስም። ማነው የከፈተው? ራሱ! ከፈለግሽ በመሪ ሽፋን እንቀይርልሽ ይለኛል ጭራሽ። በልጅ ሆድ ትቀልዳላችሁ ወይ ብዬ ስጮህ ነው አሁንም ሳስታውሰው የሚያንገበግበኝን ነገር የተናገረው፣ «ምን ሆነ ልጁ? ተጎዳ? ሲጎዳ ትመጫለሽ»። ልጄ እጄን ይዞ ቆሞ እየሰማ።

ምን መለስኩ አትበሉኝ፣ የሚጻፍ አይደለም።

ለማንኛውም ቡስተር ስትገዙ ምልክቱን ካርቶኑ ላይ አትመኑ፣ ዕቃው ራሱ ላይ ፈልጉት፣ አር 44 ወይም አር 129 የሚል (የልጅ ወንበር የሚፈተንባቸው ደንቦች ናቸው) ከነፈቃድ ቁጥሩ። የአሜሪካ ሥሪት ከሆነ ጽሑፉ ሌላ ነው፣ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደህንነት ደንቦችን ያሟላል ይላል። ልጁ 1 ሜትር ከ45 ገደማ እስኪደርስ ከቡስተር አታውርዱት፣ 150 ሴንቲ ድረስ የሚያስገድድ አገርም አለ። ወገብ ብቻ በሚያስር ቀበቶ ቡስተር አይታሰርም፣ የትከሻ ቀበቶ ያለበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። እና ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን አስራችሁ የታችኛው ቀበቶ የት እንዳረፈ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ሻጩ ቸኮልኩ ቢል ይቸኩል።

ገጻቸው ላይ ገብቼ ጽፌ ነበር፣ ወዲያው አጥፍተው ብሎክ አደረጉኝ። በእህቴ ስልክ ሳይ ጨርቋ አሁንም አለች፣ «ለሴት ልጆች በሮዝ ቀለም ገብቷል፣ ሳያልቅ ይደውሉ» ይላል።