የቬስፓዚያን ዲናር በ120 ፓውንድ፦ ለፊቱ ያንሰዋል

ለንደን ውስጥ የጥንት ሳንቲም የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ ነው። ደወል ተደውሎ ነው የሚገባው። ሽማግሌው ሻጭ አጉሊ መነጽር አቀበለኝና "ቀስ ብለህ እይ፣ ጠርዙን ብቻ ያዝ" ብሎኝ ወደ ሻዩ ተመለሰ። አይጨቀጭቅም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ።

የገዛሁት የሮማው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓዚያን እ.ኤ.አ. በ70 ያስመታው፣ ዲናር የሚባል የብር ሳንቲም ነው፤ ከ3 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጀርባው ክፉኛ ተበልቷል። ቅርንጫፍ ይዛ የተቀመጠችው የሰላም አምላክ ራሷ ጠፍቶ ጉልበቷና ወንበሯ ቀርተዋል። ዋጋው የወረደውም ለዚሁ ነው። ፊቱ ግን ሌላ ነገር ነው! መብራት ከጎን ስታበሩበት የግንባሩ ሽብሽብ፣ የተቆለመመው አፍንጫ፣ አገጩ ስር የተደራረበው ሥጋ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ታክሲ ውስጥ ቢገባ "አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ" የምትሉት ሰውዬ ነው።

እንዲህ መምሰሉ ታስቦበት ነው። የመጀመሪያው የሮማ ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በ75 ዓመቱ ሲሞት እንኳ ሳንቲሙ ላይ ገና ወጣት ነበር። በቅንጦቱ የሚታማው ንጉሠ ነገሥት ኔሮ ደግሞ ዓመት በመጣ ቁጥር እየወፈረ፣ ጸጉሩ እየተቆነደለ ሄደ። እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ69 ብቻ አራት ሰዎች ዙፋኑን ተቀባበሉት። የመጨረሻው ቬስፓዚያን ነው፤ 60 ዓመት የሞላው የጦር ሰው። መላጣውን ሳይደብቅ አስመታው። "እኔ ኔሮ አይደለሁም" ማለቱ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሕዝብ ንጉሡን የሚያውቀው እጁ በገባው ገንዘብ ነዋ።

በነገራችን ላይ የአክሱሙን ንጉሥ የእንዱቢስን የወርቅ ሳንቲም ጠይቄ ነበር። የለውም። እንዱቢስ ምስሉን ያስመታው ከቬስፓዚያን ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ቅር ያለኝ ነገር ማሸጊያው ነው። ሳንቲሙን የከተቱልኝ በለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ነው፤ ይሄ ውሎ ሲያድር ብሩ ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። እንደዚህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንዴት ይሄን ይስታል? ቤት እንደገባሁ ወደ ወረቀት ፖስታ አዛወርኩት። ክብደቱና ዓመቱ የተጻፈበት ካርድ ግን አብሮ ይሰጣል፤ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ መቼም ይሁን መቼ ገንዘባችሁን ይመልሳል።

ለጀማሪ ምክሬ፦ ጀርባውን እርሱት፣ ፊት ግዙ። ኔሮንም አሳይቶኛል፤ ዋጋውን ሲነግረኝ በሁለት እጄ መለስኩለት።