ሁለት ሸሪኮች፣ ሁለት ቤቶች፦ ድሬ ላይ የሠመረው ሐረር ላይ ምን ጎደለው?

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ያለው ይህ ምግብ ቤት ጠዋት ፈጢራና ፉል፣ ምሳ ላይ የፍየል መንዲ (በታፈነ ምድጃ የበሰለ ሥጋ ከሩዝ ጋር) ያቀርባል። ባለቤቶቹ ሁለት ሸሪኮች ናቸው። አንደኛው እዚያው ድሬ መጋላ ሰፈር ፈጢራ ሲሠራ ያደገ ባለሙያ፣ ሌላው የድሬው ታይዋን ገበያ የኖረ፣ ኪራይና ሒሳብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ነጋዴ። ቤቱ ስም ሲያወጣ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሁለተኛውን ከፈቱ። ሜኑውም ዋጋውም የአስተናጋጆቹ ልብስም አንድ ነው። ጣዕሙ ግን ይለያያል፤ ለዚህ ደግሞ ጥፋተኛው ሠራተኛው አይደለም። የድሬ አሠራር እንዳለ ደጋ ላይ መውጣቱ ነው።

የድሬው ፈጢራ ጣት ያስቆረጥማል። ዱቄቱ በጨውና በውሃ ታሽቶ ይድቦለቦላል፣ ዘይት ይቀባና አንድ ሰዓት ያህል ያርፋል። በዚያ ሙቀት ሊጡ ቶሎ ስለሚላላ፣ በመዳፍ ሲለጠጥ ከሥሩ ያለው ጠረጴዛ እስኪታይ ድረስ ይሳሳል። በሽንኩርትና በቃሪያ የተመታው እንቁላል መሐሉ ላይ ይፈስና አራቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጠባሹ ወደ ምጣዱ ከማውረዱ በፊት መጋጠሚያውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርገዋል፤ እንቁላሉ የማያመልጠው በዚህ ነው። ሲቆረስ ንጣፍ ንጣፉ ይለያያል፣ ማሩም እስከ ውስጥ ይዘልቃል።

ሐረር ላይ ጠዋቱ ብርድ ነው። ያው ሊጥ፣ ያው አንድ ሰዓት አርፎ ሲወጣ ገና ድርቅ እንዳለ ነው። ሲለጥጡት ይሰበሰባል፣ ሲያስገድዱት ይቀደዳል። ሠራተኛው እንቁላሉ እንዳይፈስበት አወፍሮ ያጥፈዋል፤ ስለዚህ ዳሩ ተጠብሶ መሐሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ሊጡን ለብ ባለ ውሃ ማሸት፣ የሚያርፍበትን ጊዜ ቢያንስ እጥፍ ማድረግና ከምድጃው አጠገብ ማስቀመጥ።

የፉሉም ችግር ከዚያው ይመነጫል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,850 ሜትር ትበልጣለች። ውሃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ግድም ሲፈላ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ባቄላ ግን ያውቀዋል። በድሬው ሰዓት ካወጡት ገለባው ጥርስ ላይ ይቀራል፣ ሲፈጭም አይዋሐድም። ቀደም ብሎ መጣድ ወይም ክዳኑ በሚቆለፍ፣ እንፋሎቱን በሚያምቅ ድስት መቀቀል ያስፈልጋል።

የመንዲው ሥጋ ሁለቱም ቤት ያኮራል። በታፈነ ምድጃ የሚበስል ሥጋ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም፤ ከአጥንቱ በእጅ ይላቀቃል፣ እርጥበቱም አልጠፋም። ሩዙ ላይ ግን ሐረሮቹ ይቸገራሉ። ልቡ ጠጠር ሲልባቸው ውሃ ይጨምራሉ፣ ያኔ ይለጣጠፋል። ሩዙ የሚፈልገው ጊዜ ነው፦ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፎ መጣድ፣ ውሃው ሲመጠጥ ክዳኑን በጨርቅ አፍኖ በለዘብተኛ እሳት 10 ደቂቃ መጨመር።

አንድ ውሳኔያቸው በጣም ያሳዝናል፤ ከምግቡ ጋር የሚቀርበው የቃሪያ ማባያ፣ ቢስባሱ፣ ድሬ ተፈጭቶ በደንገጎ ዳገት ሐረር ድረስ ይጫናል። ጣዕሙ አንድ እንዲሆን ብለው ነው፣ ሐሳቡ ይገባል። ነገር ግን ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ድንብላል ሎሚ ከነካቸው በኋላ ቀለማቸው እየጠቆረ፣ ውሃቸው እየተለየ ይሄዳል። ምሳ ላይ ሳህኑ ዳር የሚታየው አረንጓዴ ውሃ ያ ነው። ድሬ ላይ ተዘጋጅቶ መላክ ያለበት ደረቁ ቅመም ነው፤ እርጥቡ እዚያው ሐረር፣ ያውም ከምሳ በፊት ይፈጭ።

የሸሪክነታቸው ጥሩ ጎን በሌላ በኩል ይታያል። ያለቀ ምግብ በሁለቱም ቤት «አልቋል» ይባላል እንጂ የትናንቱ ተሙቆ አይመጣም። መታጠቢያው ጋ ሳሙና አይጠፋም፣ ሒሳቡም ያልታዘዘ ነገር አይጨመርበትም። ይህ የነጋዴው እጅ ነው፣ ሊመሰገን ይገባዋል። ባለሙያው ሸሪክ ግን ውሎው ድሬ ብቻ ነው። ሦስተኛ ቤት ከማሰባቸው በፊት እሱ ሐረር ወጥቶ፣ ከዚያው ሠራተኞች ጋር ሊጡንና ባቄላውን በሐረር አየር አዲስ ሰዓት ቢያወጣላቸው ቤቱ ይቃናል።

ድሬ ላይ ለመንዲ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ ይሻላል፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወንበር አይገኝም። ሐረር ላይ መንዲውን አዝዞ በቢስባሱ ፈንታ ሎሚና ጥሬ ቃሪያ መጠየቅ ነው። ፈጢራ ያማረው ሰው ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ቀኑ ሞቅ ሲል ሊጡም ስለሚላላ የዚያ ሰዓቱ ፈጢራ ከድሬው እምብዛም አያንስም።