የሬዚደንሻል ኮሌጅ ፌሎዎች፦ ሪቪው ለድሬ ልጆች

ስኮላርሺፕ ደርሷችሁ አሜሪካ ልትሄዱ ያላችሁ የሰፈር ልጆች «ሬዚደንሻል ኮሌጅ ያለው ይሻላል ወይስ ዝም ብሎ ዶርም» እያላችሁ ኢንቦክስ ስትጠይቁኝ ሰነበታችሁ፣ እስቲ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት። የተማርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም ምክንያቱም ደህናውንም መጥፎውንም ነው የማወራው፣ ሪቪው የማደርገውም ህንጻውን ሳይሆን ፌሎ የሚባሉትን ሰዎች ነው። ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ ለምን እንደቀረች ወደታች አለ።

ለማያውቅ፣ ሬዚደንሻል ኮሌጅ ማለት ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በየመኖሪያው ከፋፍሎ እያንዳንዱ መኖሪያ የራሱ ኃላፊ፣ የራሱ መመገቢያ አዳራሽ ምናምን ኖሮት ምንም ዲፓርትመንት ተማር የዛ ቤት ልጅ ሆነህ የምትቆይበት ነው። ነገሩ ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ የመጣ ነው፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ኤድዋርድ ሃርክነስ የሚባል ባለሀብት በሰጠው ገንዘብ ከፈተው አሁን 14 ደርሰዋል፣ ሂውስተን ያለው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ደሞ በ1957 ጀመረ። ፌሎዎቹ ሁለት አይነት ናቸው፣ አንደኞቹ የዩኒቨርሲቲው አስተማሪዎች ናቸው፣ ያንተን ትምህርት የሚያስተምሩ ላይሆኑ ይችላሉ፣ የኬሚስትሪው ሰውዬ የታሪክ ተማሪ ሊደርሰው ይችላል። ሁለተኞቹ ከከተማው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ጠበቃ፣ ባለሱቅ። እኛ ጋ ለዚህ ስራ ደሞዝ አልነበራቸውም፣ የሚሰጣቸው ሚል ካርድ ነው፣ መጥተው ከተማሪ ጋር በነጻ ይበላሉ በቃ።

እና እመኑኝ ሲስተሙ የሚሰራውም የሚወድቀውም እዛች ሚል ካርድ ላይ ነው። ፕሮግራም፣ ሴሚናር፣ ሜንተርሺፕ የሚባለው ወረቀት ላይ ያምራል ግን ሰውን ሰው የሚያደርገው ሳይጠራህ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ምሳውን የሚበላ ትልቅ ሰው ነው። እኛ ቤት የነበሩት አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጥገና ሱቅ የነበራቸው ናቸው፣ እኔና አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ በስማቸው መጥራት ስላቃተን እርስ በርሳችን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጋሼ ሁሌ የሚቀመጡት አንድ ቦታ ነው፣ ትሬ (የምግብ ማቅረቢያው) የሚመለስበት መስኮት ጎን። መጀመሪያ ቦታ አጥተው ይመስለኝ ነበር፣ በኋላ ሲያጫውቱኝ ለካ በልቶ የጨረሰ ሁሉ የግዱን እዛ ጋ ስለሚያልፍ ነው። ፋይናል ሰሞን ትሬው ላይ ምግቡ እንዳለ የሚመልስ ልጅ ካዩ ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አርገው «እስቲ አረፍ በል» ነው፣ ምን ሆንክ የለ፣ ምክር የለ፣ ስለ ኳስ ያወሩታል፣ ዳቦ ቆርሰው ሾርባቸው ውስጥ እየነከሩ ያዳምጡታል፣ ልጁ ራሱ ሲያወጣው ነው የሚጠይቁት። ነገሩ ከበድ ካለ «ዲኗ ጋ አብረን እንሂድ?» ይሉታል፣ እሺ ካለ ይዘውት ይሄዳሉ። አንድ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ሊሄድ ሻንጣውን ካሰረ በኋላ በሳቸው ምክንያት ቀርቶ ተመርቋል፣ አይቻለሁ።

ከአስተማሪዎቹ ደሞ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ነበረች። የሷ ጥቅም ግሬድ አለመስጠቷ ነው። እኔ ጂኦሎጂ አልተማርኩም፣ እሷም የኔን ፈተና አታርምም፣ ስለዚህ «ፊዚክሱ ምንም አልገባኝም» ማለት አልከበደኝም። ለሚያርመኝ አስተማሪ ብለው ኖሮ ምን ያስበኛል ብዬ እሳቀቅ ነበር። ሌክቸር ላይ ከርቀት የምታየው ፕሮፌሰር ካልሲው ተገለባብጦ፣ ልጁን ይዞ እራት ሲበላ ስታየው ቢሮው በር ላይ ቆመህ መንቀጥቀጥህ ይቀራል።

አንዷ ነጥብ የቀረችው እዚህ ጋ ነው። ግድግዳ ላይ የፌሎዎች ስም ዝርዝር ተለጥፏል፣ ረጅም ነው፣ ከነሱ ውስጥ አዳራሹ ውስጥ በአካል የሚታዩት ጥቂት ናቸው። ለኔ በፎርም የተመደበልኝ ፌሎ አመቱ ሲጀመር አንድ ኢሜይል ላከልኝ ከዛ ጠፋ፣ ቢሮ ሄጄ ስናገር «ቢዚ ስለሆኑ ነው» ተባልኩ። አዲስ የገባ ልጅ፣ በተለይ እንደኛ አስተማሪ ሲገባ ከወንበሩ እየተነሳ ያደገ፣ ሰውየው ካልቀረበው መቼም አይቀርብም። ስለዚህ ካምፓስ ከመምረጣችሁ በፊት እዛ ያለ ተማሪ ፈልጋችሁ «ባለፈው ሳምንት የትኛው ፌሎ አብሯችሁ በላ?» በሉት። ስም ከጠራ ሂዱ። አይ ዌብሳይቱ ላይ አለ ካለ ተራ ዶርም ነው፣ ዋጋውን ብቻ አወዳድሩ።

አሁን ወደኛ ልምጣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። እዚህ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከመላው ሀገር ተመድቦ የመጣ ፍሬሽ ሙቀቱን ገና ሳይለምደው ብሎክ ውስጥ ይገባል፣ 11 ሰአት ላይ የአስተማሪዎች ሰርቪስ ወደ ከተማ ሲወጣ ግቢው ውስጥ የሚቀረው ትልቅ ሰው ፕሮክተርና ጥበቃ ነው። ልጁ የሚከፋው ደሞ ማታ ነው እኮ! ፕሮክተር ቁልፍና ፍራሽ ይቆጣጠር እንጂ ስንቱን ልጅ ሊያጫውት ይችላል? ሐረማያ ዋናው ግቢ ይሻላል፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአሜሪካኖቹ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲቋቋም የመጣ ነው መሰለኝ የመምህራን ቤት እዛው ግቢ ውስጥ አለ፣ ግን ካፌ ገብቶ ከተማሪ ጋር የሚበላ አስተማሪ እዛም ብርቅ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ብሎ የከተማውን ሰው ለተማሪ ቤተሰብ የሚያደርግበት ነገር በጣም ደስ ይለኛል፣ በአል ሲመጣ ልጁ የሚሄድበት ቤት አለው፣ የቀረው ተራ ማክሰኞ ማታ ግቢው ውስጥ የሚያገኘው ሰው ነው።

ሰው ደሞ ድሬ ላይ ሞልቷል አቦ! ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ሰው ያሳደገበት ከተማ ነው፣ ምድር ባቡር ዎርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ፈረንሳይኛ የሚያንበለብሉ ሽማግሌዎች ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት። ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉ፣ ታይዋን ገበያ ከምንም ተነስተው ሱቅ ያቆሙ እናቶች አሉ፣ አማርኛ ኦሮምኛ ሶማሊኛ በአንድ አረፍተ ነገር የሚያወሩ። ለነሱ በሳምንት ሁለት ቀን ሚል ካርድ ስጧቸው፣ እራት ይሁን እንጂ ምሳ አይሁን፣ በቀትር ማንም ሽማግሌ ከጥላው አይወጣም። መመለሻ ባጃጅም ይታሰብላቸው። ካፌ ላይ ከሚደፋው ምግብ አንጻር ይሄ ወጪ አይባልም።

ስለ ጾምና ሃላል ለጠየቃችሁኝ፦ አሜሪካ ያለውን የኮሌጁን የኩሽና ሰው በደንብ የሚያውቁት ከተማሪው ይልቅ ፌሎዎቹ ናቸው። ረመዳን ላይ ለሱሁር (ሳይነጋ ለሚበላው) በካርቶን ታሽጎ ማታ እንድንወስድ ያስጨረሱት ጋሼ ናቸው፣ ለአብይ ጾምም ያለ ወተትና ያለ ቅቤ የሚሰራውን ለይተው እንዲጽፉበት ያስደረጉት እሳቸው ናቸው። በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ለአንዳቸው ንገሩ፣ ኦንላይን ፎርም ሞልታችሁ አትጠብቁ።